የመቶው ወንበር

ዘጠና ዘጠኝ አግኝታችሁ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? ወድቃችሁ ማለቴ አይደለም። የወደቀማ ያለቅሳል፣ ሰው ያባብለዋል፣ ይነሣል። እኔ የምለው ክፍሉ ሁሉ በቅናት እያያችሁ፣ ወረቀታችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳችሁ ስለ አንዲት ነጥብ ያለቀሳችሁበትን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ካላችሁ የማወራላችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። ስሙና ከተማው ሌላ ይሆናል እንጂ ታውቁታላችሁ።

የእኔው ጋሽ ዘሪሁን ይባሉ ነበር። ዲላ ላይ ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማረፋቸውን የሰማሁት በዚህ ዓመት የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ፣ በቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሻማ ሥዕል፣ የርግብ ሥዕል፣ «ነፍስ ይማር» በ«ነፍስ ይማር» ላይ ተደራረበ። አንዱ «የዲላ መብራት ጠፋ» ብሎ ጻፈ። የዲላ መብራት በየሳምንቱ ስለሚጠፋ ብዙም አልደነቀኝ።

ሰው ሊወቅስ ሲነሣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ ብሎም ይወቅሳል። እኔ ግን ያድርገኝ።

ከቀብሩ ማግሥት የደወልኩት ይርጋጨፌ ላለችው ጓደኛዬ ለታደለች ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል። አሁን መናኸሪያው አጠገብ የልጆች ልብስ ትሸጣለች።

«ጋሽ ዘሪሁን ሞቱ» አልኳት።

ከኋላዋ አንድ ረዳት «ዲላ! ዲላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል።

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበር?» አለችኝ።

«ሞልቶ ነበር አሉ።»

«ሁሉም መጥቷል?»

«እኔና አንቺ ስንቀር።»

«ታዲያ ምኑን ሞላ!» ብላ ሳቀች። «አሁን ከሣጥኑ ቀና ብለው ‹አንዷስ?› ይላሉ።»

«አንዷስ?» የጋሽ ዘሪሁን ቃል ናት። ላስረዳ። ወረቀት ሲመልሱ ያገኘነውን አይናገሩም፤ የጎደለውን ይጠይቃሉ። ዘጠና አምስት ላገኘ «አምስቷስ?»፣ ዘጠና ዘጠኝ ላገኘ «አንዷስ?» ይላሉ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው ይጠብቃሉ። እኛም በሌላው ጫፍ ይዘን «ጠፋችብኝ፣ ቲቸር» እስክንል ድረስ አይለቁትም። ቀስ ብሎ የተናገረ ደግሞ ይድገመው ይባላል።

ቀጭን ረጅም ሰው ነበሩ። ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸው ላይ አንድም ቀን የጠመኔ አቧራ አይቼ አላውቅም፤ ጠመኔውን በወረቀት ጠቅልለው ነበር የሚይዙት። ክብ ሲሥሉ ኮምፓስ አይነኩም። ክንዳቸውን አንድ ጊዜ ያዞሩታል፤ ጫፉ ከመነሻው ጋር ይገጥማል፤ ክፍሉ «ዋው!» ይላል። እሳቸው ዞር ብለው እንኳን አያዩንም። ዲላ የዝናብ አገር ስለሆነች ጥቁር ጃንጥላቸው ከእጃቸው አይለይም ነበር። እሷን ወደ ጣሪያው እያመለከቱ፣ «ዘጠና ዘጠኝ ማለት አንድ ቀዳዳ ያላት ጃንጥላ ናት። ዝናቡ የሚገባው በደህናው ጨርቅ አይደለም» ይሉን ነበር።

ሥራቸውን አልነፍጋቸውም። ቀርተው አያውቁም፣ አርፍደው አያውቁም፣ ለማንም አያዳሉም። ዛሬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ መስመሬ የማይዘመው በእሳቸው ምክንያት ነው። ይህን የምነግራችሁ ልታዝኑላቸው ብዬ አይደለም። ሰነፍ መምህር ሰነፉን ተማሪ ነው የሚጎዳው። እሳቸው የሚሰብሩት ጎበዙን ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ትጋት ይጠይቃል።

ከሁሉ የባሰው ወንበሩ ነው። እኛ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን ስንጣበቅ፣ በፊት ለፊት መስኮቱ ሥር መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ቴስት መቶ የደፈነ ይቀመጥበታል። በሚቀጥለው ቴስት ከመቶ ከወረደ ግን በሁሉም ፊት ተነሥቶ፣ በገዛ ልብሱ ወንበሩን ወልውሎ ለተተኪው ያስረክባል። ከዚያ ወደ ዴስኩ ይመለሳል። ክፍሉ ያጨበጭባል። ለማን እንደምናጨበጭብ ግን አናውቅም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለን በወንበሩ ላይ ብዙውን ጊዜ የተቀመጠችው ታደለች ናት። የመጣችው ከቡና አገሩ ገጠር ከባንኮ ጎቲቲ ነው። እናቷ በመከር ጊዜ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ ላይ፣ ከማድረቂያው አልጋ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀሙ ያወጣሉ። ልጅቷ ዲላ አክስቷ ቤት ነበረች። ጋሽ ዘሪሁን ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱ ከአፏ ይወጣል። አንድ ቀን ለጨዋታ ጠመኔ አንሥታ፣ እሳቸው ከሣሉት ክብ ጎን በግራ እጇ አንድ ክብ ሣለች። ገጠመ። ጋሽ ዘሪሁን ሁለቱንም አዩ፤ ዳስተሩን አነሡ፤ የእሷን ብቻ አጠፉ።

ከዚያ አንድ ቴስት መጣ። የጉድጓድ ጥልቀት አስሉ የሚል ጥያቄ ነበረው። ታደለች ጥልቀቱን አሥራ ሁለት ብላ «ሜትር» የሚለውን ሳትጽፍ ቀረች።

«አንዷስ?»

«ጠፋችብኝ፣ ቲቸር።»

«አሥራ ሁለት ምን? አሥራ ሁለት ሙዝ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ታደለች ተነሥታ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችና ወንበሩን ወለወለችው። መቀመጫውን፣ መደገፊያውን፣ ጎንበስ ብላ እግሮቹን ሳይቀር ወለወለች። ሳቁ አልቆም እሷ አላቆመችም። ተተኪው ልጅ የት እንደሚያይ ጠፍቶት ጣሪያውን ያያል። ጋሽ ዘሪሁን «በቃ» አላሉም።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ «እናቴ አልጋው ላይ የተበላሸውን ፍሬ ስትጥል ብዙ ቀን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ» አለችኝ። «አንድም ቀን ስለ ፍሬው አስቤ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የቤት ሥራ ትሠራለች፣ አታስረክብም። «ጨርሻለሁ፣ ግን ትንሽ ልየው» ትላለች። በላጲስ ስትፈገፍግ ወረቀቱ ይበሳል፤ ሌላ ገጽ ላይ እንደገና ትጀምራለች። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደረሰ። ጠዋት ሒሳብ ተፈትነን ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኋት።

«አንዷን አጥፍቻታለሁ» አለችኝ።

«አንዷን ብቻ?»

«አንዷን።»

ከሰዓት በኋላ ለሚቀጥለው ፈተና ስንገባ ቦታዋ ባዶ ነበር። አውቶቡስ ይዛ ወደ ቤቷ ሄዳለች። እንደወጣሁ ሮጬ ጋሽ ዘሪሁንን ፈለግኋቸው። በስታፉ ደጃፍ ዝናቡን እያዩ ቆመዋል። «ቲቸር፣ ታደለች ፈተናውን ትታ ሄደች። እርስዎ ደውለው ቢጠሯት ለነገው ትመለሳለች፤ እርስዎን ትሰማለች» አልኳቸው።

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። «ጎዶሎ ይዛ ከምትወጣ ይቅርባት» አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ታደለችም በዚያው ቀረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ሰው ጓደኛስ? እኔ ያቺን ጃንጥላ ከነአዘረጋጓ ይኸው እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ።

ሰው መምህር የሚሆነው ሙያውን ወድዶ ነው ይባላል። እኔ የሆንኩት በቂም ነው። ሒሳብ ተምሬ፣ ተመድቤ፣ በጡረታ በለቀቁት ሰውዬ ክፍል፣ በእሳቸው ሰሌዳ ላይ ለማስተማር ዲላ ተመለስኩ። ዲላ አጠገብ ጪጩ ያለችው እናቴ፣ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ተዪው» ትለኛለች። እኔ ግን ጸሎት ላይ አይደለሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ።

በቀሌም ሥርዓት አለው። በእኔ ክፍል ዓርብ ዓርብ ላጲስ አይገባም። ሁሉም በእስክሪብቶ ይሠራል፤ የተሳሳተውን ሰርዞ ከሥሩ ይቀጥላል፤ ስርዙ እንዲታይ ይቀራል። ከዚያ እያንዳንዱ ከሳምንቱ ስህተቶቹ ምርጡን ይዞ ይወጣና እንዴት እንደተሳሳተ ለክፍሉ ያስረዳል። ለማስረዳት የሚያምር ስህተት ይጨበጨብለታል። ሰነፎቹ ወዲያው ለመዱት። ጎበዞቹ ግን ያላባቸዋል። ምክንያቱን ደርሼበታለሁ ብዬ አስባለሁ፦ ጎበዝ ልጅ ከባድ ጥያቄ አይፈራም። የሚፈራው ሳይችል መታየትን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ «ጎበዝ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ያቺ ስም ከተወሰደችበት ምን እንደሚተርፈው አያውቅም። ስለዚህ «አይዞህ፣ አትጨነቅ» ማለት ምንም አይፈይድለትም። ሲሳሳት ታይቶ፣ በማግሥቱም ሰዎች በስሙ ሲጠሩት ማየት አለበት።

ከልጆቼ ሁሉ ይህ አልገባ ያላት ፍሬሕይወት ነበረች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው። ሒሳቡም ቅኔውም የተሰጣት ልጅ። ዓርብ ዓርብ ግን ራሴን አመመኝ ትላለች። አንድ ቀን ደብተሯን ከእጇ ስቀበል የገጹ ግማሽ በላጲስ ተበስቶ ጣቴ በዚያ ወጣ። ታደለችን ያየሁ መሰለኝ። ይህችን ግን ለጋሽ ዘሪሁን አልሰጥም አልኩ።

ጋሽ ዘሪሁን የሞቱት ያኔ ነው። ዳይሬክተራችን ስታፍ ውስጥ ጠሩኝ።

«መምህርት ሰላማዊት፣ በአዳራሹ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅተናል። የቀድሞ ተማሪያቸው ነሽና ንግግር ታደርጊያለሽ። ግጥም ደግሞ ፍሬሕይወት።»

«እሺ» ልል ስል፣ «ያ ወንበርም ስቶር ውስጥ ተገኝቷል» አሉ ደስ ብሏቸው። «አስጠግነነዋል። ለመታሰቢያቸው ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ልማዱን እንመልሰዋለን። መጀመሪያ ፍሬሕይወት ትቀመጥበታለች፤ ያለ እሷ ማን አለ?»

ሞተውም አልተዉንም ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ ንግግሬን ጻፍኩ። ጃንጥላዋን፣ ሻርፑን፣ «ይቅርባት»ን ሁሉ አስገባሁ። ሬሳው ሳይበርድ ምን ይሉኛል አላልኩም። ለታደለችም ደውዬ እንድትመጣ ለመንኳት።

«ስምሽ ሰላማዊት፣ ሥራሽ ጦርነት» አለችኝ። «ሱቁን ዘግቼ? እስቲ አያለሁ።»

በፕሮግራሙ ጠዋት ፍሬሕይወት አዳራሹ በር ላይ ወረቀት ጨብጣ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባም።»

«ምነው?»

«ግጥሙ አላለቀም። የመጨረሻዋ ስንኝ እምቢ አለች። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ በናትሽ።»

«እስካለው አንብቢው።»

«ቤት ሳይመታ? እዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ቲቸር፣ ቀልድሽን ነው አይደል?»

«ዛሬ ዓርብ ነው» አልኳት። «ላጲስ አይገባም።»

ሳትወድ ፈገግ አለች። ከገባች በኋላ ግን ወረቀቷን ስታጥፍና ስትዘረጋ ከመቀመጫዬ ይታየኝ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ውጭ ድንኳን ሥር የነበሩት ዝናቡ ሲያይል ወደ ውስጥ ስለገቡ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መድረኩ ላይ የጋሽ ዘሪሁን ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ አዲስ ቀለም የተቀባው ወንበር። ዳይሬክተሩ ስለ ወንበሩ ተናገሩ፤ ተጨበጨበ። ፍሬሕይወት ተነሣች። ግጥሟ ያምር ነበር፤ ስለ ክቡ፣ ስለ ጠመኔው። የቆርቆሮው ጩኸት ድምፅዋን እየዋጠው መጨረሻው ላይ ደረሰች፦

«ጃንጥላዎ ከበር ቆሞ፣ ዝናቡም ያው መጣ...»

ቆመች። ሰው ሁሉ ቤት መምቻውን ይጠብቃል። ከወደ መሐል አንድ ጎልማሳ፣ ለጨዋታ ብሎ ይሁን ለምዶበት፣ በሟቹ ድምፅ «አንዷስ?» አለ። የቀድሞ ተማሪዎች ሁሉ ሳቁ።

ፍሬሕይወት ትሮጣለች ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አልሮጠችም። ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዷ አልመጣችልኝም» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ያላችሁ ጨርሱልኝ» አለች።

ወዲያው ጨዋታ ሆነ። አንዱ «ጠመኔውን ይዞ ማን ነው የወጣ?» አለ። ሌላው ቤት የማይመታ ነገር ተናግሮ ተሳቀበት። በመጨረሻ ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ሳትጮህ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣

«ከወንበሩ የወደቀው በየት በኩል ወጣ?» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። አልዞርኩም፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ዙሪያዬን ሳይ ግን አንገት የደፉ ጎልማሶች አየሁ፤ ሻማና ርግብ የላኩት ናቸው። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አየሁና፣ አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ለማለዘብ፣ «በሉ፣ በሉ! ፍሬሕይወት፣ ነይ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ!» አሉና ቀድመው አጨበጨቡ።

ልጅቷ ሄዳ ወንበሩ አጠገብ ቆመች። ወደ በሩ አየች። ታደለች በዝናብ የራሰች፣ ሴት ልጇን ታቅፋ፣ መቀመጫ አጥታ ቆማለች። ፍሬሕይወት ማን እንደሆነች አታውቅም። የምታየው ልጅ የታቀፈች እንግዳ መቆሟን ብቻ ነው።

«ኖር!» አለች ፍሬሕይወት ከመድረኩ። «ኖር፣ እትዬ፤ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ።»

ዳይሬክተሩ ሊከለክሉ እጃቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። ልጅ ለታቀፈች እንግዳ ወንበር ስትለቅ «ተዪ» የሚል ማን ነው? በለቅሶ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት! ሰዉ ራሱ «እለፊ፣ እለፊ» እያለ መንገድ ከፈተላት። ታደለች እየተንጠባጠበች ወጣች፤ «በእግዜር» አለች፤ በመቶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፎቶው ሥር። አሥረኛ ክፍልን ያላለፈችው ታደለች።

ንግግሬ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ከዚህ በኋላ ምን እናገራለሁ?

ልጇ ሙዝ እየበላች ነበር። በጸሎቱ መሐል ጨፍልቃ መደገፊያው ላይ ለቀለቀችው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሄጄ ሳቅፋቸው አየሁትና ከቦርሳዬ ሶፍት አወጣሁ።

«ቆይ ልወልውለው» አልኩ።

ታደለች እጄን ያዘችኝ። ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። «አንድ ሙዝ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ተዪው፣ ሰሊ። እኔ ድርሻዬን ወልውያለሁ» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ከዚያ ወዲህ ስለ ልማዱ አላነሡም። ወንበሩን ለምኜ ክፍሌ አስገባሁት፤ ቆሞ የተገኘ ማንም ይቀመጥበታል፤ ዓርብ ደግሞ ባለ ምርጡ ስህተት። ፍሬሕይወት ግጥሟን ሚኒ ሚዲያ ላይ እንዳለ፣ ያለ መጨረሻ ስንኟ አነበበችው። ባለፈው ቴስት ሦስት ቦታ የተሰረዘ ወረቀት በሰዓቱ አስረከበችኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ላይ «ሜትር» የሚለውን ረስታለች። ነጥቧን ቀነስኩ፤ መቀነስ አለበት። ወረቀቱን ስመልስላት ግን ምንም ሳልል ለቀቅኩት። ጋሽ ዘሪሁን ይህን ቢያዩ መቃብራቸው ውስጥ ይገላበጡ ነበር። ይገላበጡ።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ቤታችሁ ወይም ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ አይጠፋም። ዛሬ ወረቀቱን ሲያሳያችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ጎደለው ይሄዳል። ይሂድ፤ አፋችሁን ግን ያዙት። ከዚያ እናንተው የተሳሳታችሁትን አንድ ነገር ከነስርዙ አውጥታችሁ አሳዩት፤ እንዴት እንደተሳሳታችሁ አስረዱት፤ ይሳቅባችሁ። በመሐል «አንዷስ?» የሚል ድምፅ ከመጣባችሁ፣ የሙት ይሁን የቆመ ሰው፣ አትመልሱለት። ለጎደለችው ለአንዷ ወንበር ሳቡና «ኖር!» በሏት።